የፊሊፒንስ ሴቶች መብት፦ ከድምፅ መስጫው እስከ ባራንጋይ

የፊሊፒንስ ሴቶች የመምረጥ መብታቸውን ያገኙት ተፈትነው ነው። የ1935ቱ ሕገ መንግሥት (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢያንስ 300,000 ሴቶች "አዎ፣ እንፈልጋለን" ብለው ድምፅ ካልሰጡ መብቱ አይኖርም አለ። ወንዶቹን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የሴት ማኅበራት ግን ቀድሞውንም መደራጀት ለምደዋል፤ ኮንሴፕሲዮን ፌሊክስ የመጀመሪያውን የመሠረተችው በ1905 ነበር። ከተማ ለከተማ እየዞሩ ሴቶችን አስመዘገቡ። ኤፕሪል 30 ቀን 1937 ድምፁ ሲቆጠር 447,725 ሴቶች "አዎ" ብለዋል፤ ከተጠየቀው በብዙ ይበልጣል።

በፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ አምባገነን ዘመን ትግሉ ከመብት አልፎ ሥርዓቱን ወደ መጣል ዞረ። ጋብሪየላ የተባለው የሴቶች ጥምረት በ1984 ተቋቋመ። ስሙን የወሰደው ስፔንን ወግታ በ1763 ከተገደለችው ከጋብሪየላ ሲላንግ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጎቹ ተከታተሉ። የ1997ቱ ሕግ አስገድዶ መድፈርን በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል አደረገው፤ ቀድሞ "የንጽሕና" ጉዳይ ተብሎ ነበር የሚታየው። በ2009 "ማግና ካርታ" የሚባለው ሰፊው የሴቶች ሕግ ወጣ። የወሊድ ፈቃድም በ2019 ከክፍያ ጋር 105 ቀን ሆነ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የ2004ቱ የጥቃት መከላከያ ሕግ ነው፤ ሴቲቱ ደጃፍ ድረስ ይመጣልና። ባራንጋይ እንደኛ ቀበሌ ያለ የመጨረሻው እርከን ነው። ባሏ የመታት ወይም የዛተባት ሴት እዚያ ሄዳ ታመለክታለች። ሊቀ መንበሩ ባልየው እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ በዚያው ቀን የጥበቃ ትእዛዝ ይሰጣታል። ትእዛዙ 15 ቀን ይጸናል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት የራሱን የጥበቃ ትእዛዝ ሊሰጣት ይችላል። ሕጉ የቀድሞ ፍቅረኛንም ይይዛል። ቀለብ መከልከልንም ጥቃት ይለዋል። ለጉዳዩ የምትሮጥበት እስከ 10 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድም አላት።

አረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ይህን አገር በሌላ በኩል ያውቁታል። ማኒላ በ2006 ለቤት ሠራተኞቿ የ400 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ወሰነች። በ2018 ደግሞ የአንዲት ዜጋዋ አስከሬን ኩዌት ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ ወደዚያ ሠራተኛ መላክ አቆመች። መላኩን እንደገና የቀጠለችው ስለ ሠራተኞቹ ጥበቃ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። ቀጣሪው ሁሉ ውሉን ያከብራል ማለት ግን አይደለም።

ትልቁ ቀዳዳ ትዳር ላይ ነው። ከሙስሊሞች በቀር ለዜጎች ፍቺ የለም። ጋብቻው ከመነሻውም ጉድለት ነበረበት ብሎ በፍርድ ቤት ማሰረዝ ቢቻልም ገንዘብም ዓመታትም ይበላል። በ1930ው የወንጀል ሕግ ሚስት አንዴ ከሌላ ወንድ ጋር ከተኛች ወንጀለኛ ናት። ባል የሚከሰሰው ግን ውሽማውን ቤቱ ካስቀመጠ፣ ሌላ ቦታ አብሯት ከኖረ ወይም ነገሩ አደባባይ የወጣ ቅሌት ከሆነ ነው። ይህ ዛሬም አልተሻረም። በ2024 የታችኛው ምክር ቤት የፍቺ ረቂቅ አሳለፈ። ሴኔቱ ግን ሳያጸድቀው በ2025 የሥራ ዘመኑ አለቀ።