ማንንም የማይመልሰው ኬላ፦ የዘ ቪሌጅስ መግቢያዎች

ዘ ቪሌጅስ በመካከለኛው ፍሎሪዳ፣ ከኦርላንዶ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ የጡረተኞች ሰፈር ነው። ሰፈር መባሉ ከልማድ ነው እንጂ ስፋቱ የከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ወደ 79 ሺህ ሰው ተመዝግቦበታል። መነሻው ሃሮልድ ሽዋርትዝ የሚባል ነጋዴ የያዘው የተጎታች ቤቶች መንደር ነበር። ልጁ ጋሪ ሞርስ አስፋፋው፤ የአሁኑን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ነዋሪው ጎልፍ ሊጫወት ብቻ ሳይሆን ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ጭፈራም የሚሄደው በጎልፍ ካርት፣ ማለትም ለጎልፍ ሜዳ በተሠራች ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። የካርት መንገዱ ተደምሮ ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ትልቁን አውራ ጎዳና የሚሻገር የካርት ድልድይ ሳይቀር አለው።

ወደ መኖሪያዎቹ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ኬላ አለ። ትንሽ የጥበቃ ቤት፣ አንዱ ለነዋሪ ሌላው ለእንግዳ የሆኑ መግቢያዎች፣ የሚነሳና የሚወርድ ዘንግ። ኬላ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መታወቂያ አምጣ የሚል ዘበኛ ነው። እዚህ ግን ጉዳዩ ወዲህ ነው። ነዋሪው ካርዱን ያስነካል፣ ዘንጉ ይነሳል። ካርድ የሌለው ቀዩን ቁልፍ ይጫናል፤ ለእሱም ይነሳል! ጥበቃ ካለ ሰላም ብሎ፣ የጠፋበትን አቅጣጫ አሳይቶ ያሳልፋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አብዛኞቹ መንገዶች የሕዝብ ናቸው። በሕዝብ ገንዘብ በሚጠገን መንገድ ላይ ደግሞ መንገደኛን ማገድ አይቻልም። ሰፈሩ የ55 ዓመትና ከዚያ በላይ ሰዎች መኖሪያ ቢሆንም ዕድሜ የሚጠየቀው ለመኖር ሲመጣ እንጂ በር ላይ አይደለም። አደባባዮቹ ላይ በየምሽቱ ያለው የነጻ ሙዚቃም ከውጭ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ነው።

ታዲያ ኬላው ምን ይሠራል? አንደኛ ነገር የመኪና ፍጥነት ያበርዳል። ጡረተኛ በእግሩ በሚንሸራሸርበት መንገድ ላይ በፍጥነት የሚመጣ ሹፌር ዘንጉ ጋ ሲደርስ የግዱን ይቆማል። አቋራጭ ፈልጎ የሚገባውም ይሰላቻል። ካሜራው ደግሞ ሰሌዳ ይቀርጻል፤ ነገር ቢፈጠር ማን እንደገባ ለማየት ይረዳል። የቀረው፣ በእኔ ግምት፣ ስሜት ነው። በር ያለው ሰፈር ቤት ሲሸጥ ያምራል፤ ገዢውም የተጠበቀ ይመስለዋል። ቀዩ ቁልፍ መኖሩን የሚያውቅ ሌባ ግን በሩ ብቻውን አይመልሰውም።

የኬላው ዋና ጠላት ችኩል ሹፌር ነው። የፊተኛው መኪና ሲያልፍ ዘንጉ ሳይወርድ ልለፍ ብሎ ይከተላል። ዘንጉ ጣራው ላይ ያርፋል፣ ወይ ይሰበራል። ካሜራው አይቶታልና ሂሳቡ ወደ እሱ ይመጣል።

በዚህ ሁሉ መሃል ጎልፍ ካርቱ አለ። በፍሎሪዳ ሕግ ጎልፍ ካርት በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ ተደርጎ አይሠራም፤ ሰሌዳ እንዲለጥፍም አይገደድም። ስለዚህ ለመኪና የተተከለው ካሜራ ፊት ሲያልፍ የሚቀረጽ ቁጥር የለውም።