የጊፍ ፓሌት ምንድን ነው?

ቪዲዮው ላይ ሰማዩ ያምራል። ብርቱካናማው ቀስ እያለ ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ደግሞ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል። ከእሱ ሦስት ሰከንድ ቆርጣችሁ ወደ ጊፍ፣ ማለትም ድምፅ ወደሌለው አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ትቀይሩታላችሁ። የሚወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰማዩ እንደ ደረጃ ተሸንሽኗል። ከፊት ለፊት የቆመው ሰው ጉንጭ ላይ ቡግር የመሰሉ ነጥቦች ወጥተዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ በቪዲዮው ጥራት ያሳብባል። ቪዲዮው ግን ምንም አላጠፋም። ችግሩ ያለው ፓሌቱ ላይ ነው።

ፓሌት ማለት ጊፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ የቀለም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከ256 ቀለም በላይ አይይዝም። እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባት እያንዳንዷ ትንሽ ነጥብ፣ የራሱን ቀለም አይሸከምም፤ የሚይዘው የቀለሙን ቁጥር ብቻ ነው። ፒክስሉ ላይ 17 ተጽፎ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን ያይና በ17 ቁጥር የተመዘገበውን ቀለም ስክሪኑ ላይ ያሳያል። የተለመደ ስክሪን ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ማሳየት ይችላል። ጊፍ ግን ከዚያ ሁሉ መሀል 256ቱን መርጦ መኖር አለበት።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጊፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ያወጣው ኮምፒዩሰርቭ የተባለ ድርጅት፣ ሥራውን የመራው ስቲቭ ዊልሃይት። ያኔ ምስል የሚላከው በስልክ መስመር ስለነበር እያንዳንዷ ባይት ዋጋ ነበራት። በ1989 የተሻሻለው እትም በፍሬሞች (ተከታትለው እንቅስቃሴውን በሚሠሩት ምስሎች) መካከል ያለውን ቆይታ መወሰን አስቻለ፤ ዛሬ የምንልካቸው ተንቀሳቃሽ ጊፎች በዚያ ላይ የቆሙ ናቸው። የቀለሙ ገደብ ግን እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ የትኞቹ 256 የሚለው ነው። ጊፉ ጥርት ብሎ መውጣት አለመውጣቱ በአብዛኛው እዚህ ላይ ይወሰናል። አንዳንድ ቪዲዮን ወደ ጊፍ የሚቀይር ፕሮግራም ለመጣው ቪዲዮ ሁሉ አንድ የተዘጋጀ ፓሌት ይጠቀማል። የታወቀው አከፋፈል ለቀይ 8፣ ለአረንጓዴ 8፣ ለሰማያዊ 4 ደረጃ ይሰጣል። 8 በ8 በ4 ሲባዛ 256 ይመጣል። አሁን ያንን ሰማይ አስቡት። ለሰማያዊ ያለው አራት ደረጃ ብቻ ነው! ቢሸነሸን ምን ይገርማል?

የተሻለው መንገድ ፓሌቱን ከራሱ ከቪዲዮው ማውጣት ነው። በነፃ የሚገኘው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለ የቪዲዮ ፕሮግራም ይህን በሁለት ዙር ይሠራል። መጀመሪያ ፓሌትጄን የሚባለው ፊልተር ፍሬሞቹን ሁሉ አይቶ ለዚያ ቪዲዮ የሚስማሙትን እስከ 256 የሚደርሱ ቀለሞች ይመርጣል። ከዚያ ፓሌትዩዝ የሚባለው በተመረጡት ቀለሞች ጊፉን ይሠራል። ሰማዩ የበዛበት ቪዲዮ ብዙ ዓይነት ሰማያዊ ያገኛል ማለት ነው። ፓሌትጄን ላይ አንድ የምወደው ምርጫ አለ፤ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ብቻ አይቶ ቀለም እንዲመርጥ ማዘዝ ይቻላል። ካሜራው ሳይነቃነቅ አንድ ሰው ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ቀለሙ ለሰውየው ይደርሳል እንጂ ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ አያልቅም። ጊፍስኪ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ለተለያዩ ፍሬሞች የተለያየ ፓሌት እየሰጠ ገደቡን ይዞረዋል።

ፓሌቱ ጥሩ ሆኖም የሚጎድል ቀለም አይጠፋም። ያኔ ዲዘሪንግ ይመጣል። ሁለት ያሉ ቀለሞችን በነጥብ በነጥብ አጠጋግቶ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሌለው ሦስተኛ ቀለም እንዲመስል ማድረግ ነው። ጉንጩ ላይ ያየናቸው ነጥቦች የእሱ ናቸው። ፍሎይድ-ስታይንበርግ የሚባለው ዘዴ ለዓይን ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ነጥቦቹ ከፍሬም ፍሬም ቦታ እየቀያየሩ ይርመሰመሳሉ፣ ፋይሉንም ያከብዱታል። ቤየር የሚባለው ነጥቦቹን በቋሚ ንድፍ ይደረድራል። ንድፉ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ሆኖም አይርመሰመስም፣ ፋይሉም ይቀላል። የኮምፒውተር ስክሪን ቀድታችሁ ከሆነ ግን ዲዘሪንጉን ጭራሽ አጥፉት። ጽሑፍና ወጥ ቀለም ያለው ምስል 256 ቀለም ይበቃዋል፤ ነጥብ ሲገባበት ፊደሉ ይቆሽሻል።

ስለ መጠኑ በአጭሩ ልበል። 1920 በ1080 የነበረውን ወደ 480 በ270 ብታወርዱት የፒክስሉ ብዛት በ16 እጥፍ ይቀንሳል። የሚወርደው ፓሌቱ ከመመረጡ በፊት ነው፤ ሲያንስ የሚፈጠሩት ቀለሞችም ከምርጫው እንዲገቡ። ፍጥነቱም ልብ ይባል። ጊፍ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 20 ወይም 25 ፍሬም ልክ ይገጥምለታል፤ መቶ ለ30 እኩል ስለማይካፈል 30 ግን አይገጥምም። የአንዱ ፍሬም ቆይታ ከ2 መቶኛ ሰከንድ ካነሰ ደግሞ ብሮውዘሮች ወደ 10 ከፍ ያደርጉትና ፈጣን ይሆናል ያላችሁት ጊፍ ይንቀራፈፋል።

አንድ ጊዜ የገመድ አተሳሰር የሚያሳይ ጊፍ እየሠራሁ ነበር። ግራጫ ጠረጴዛ፣ ሁለት እጆች፣ አንድ ቀይ ገመድ። በሁለት ዙር ሠራሁት፣ ዲዘሪንጉን ቀያየርኩት፤ ገመዱ ግን ድፍን ቀይ ሆኖ ቀረ። ክሮቹ አይታዩም፤ የትኛው ጫፍ በየትኛው ሥር እንዳለፈም አይለይም። ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ከላይ ጥግ ላይ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ውጪ ዛፍ፣ ቅጠል፣ የሚወዛወዝ ብርሃን። ያ ሁሉ አረንጓዴ ከ256ቱ ላይ ድርሻውን ሲወስድ ኖሯል። መስኮቱን ከፍሬሙ ቆርጬ አወጣሁና ፓሌቱን እንደገና አስመረጥኩ። ገመዱ ላይ ጥላው ወጣ። ክሮቹ አንድ በአንድ ተለዩ፤ ጫፉ በቀለበቱ ሥር ሲያልፍም ታየ።