ጉንዳን የአፈር «አመልካች» ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ጉንዳኑን አይቶ መሬቱ ጤነኛ ነው ወይስ ተጎድቷል የሚለውን መገመት ይቻላል ማለት ነው። ግን ይህቺ «አመልካች» የምትባል ቃል ብዙ ሰው ታሳስታለች። ጉንዳን የበዛበት መሬት ሁሉ አፈሩ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም የተጎዳ መሬት ላይ አንድ ዓይነት ጉንዳን ብቻውን ሜዳውን ሊወርረው ይችላል። ዋናው ነገር ስንት ዓይነት እንዳለና የትኛው እንደጠፋ ነው።

ጉንዳኑን ለመቁጠር አሠራሩ ቀላል ነው። የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ትቀብራላችሁ፣ ትንሽ ሳሙና የገባበት ውሃ ትጨምሩበታላችሁ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የወደቀውን በየዓይነቱ ትለያላችሁ፤ ይህንኑ በደኑም፣ በግጦሹም፣ በእርሻውም በአንድ ወቅት አድርጋችሁ ታነጻጽራላችሁ። ደጋግሞ የታረሰ መሬት ላይ ጎጆአቸው ይፈርሳል፣ የረገፈ ቅጠል ስር የሚኖሩት ጥቃቅኖቹም ይመናመናሉ። (ምስጥን ግን እዚህ አትቁጠሩ፣ በዘር ለበረሮ ነው የሚቀርበው።)

ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ቦክሳይት (አሉሚኒየም የሚሠራበት ማዕድን) ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ መልሶ የተተከለው ደን ማገገሙን ለማየት ጉንዳን ተቆጥሯል። ዛፉ አድጎ ዓይን ሲሞላ እንኳ የጉንዳኑ ስብጥር ገና የድሮውን ደን ላይመስል ይችላል።

ናይትሮጅኑን ወይም አሲዳማነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን አፈሩን ላቦራቶሪ ውሰዱት፤ ጉንዳን ያንን አይነግራችሁም።