አንድ ጊዜ የተሰበረ ዳሌ፦ ስለ ሁለተኛው ስብራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት አረጋዊት እናት ወድቀው ዳሌያቸው ይሰበራል፤ በቀዶ ሕክምና ብረት ገብቶላቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ቤተሰብ «እንኳን ለዚህ አበቃን» ብሎ እፎይ ይላል። ይሁን እንጂ ዳሌው አንድ ጊዜ የተሰበረ አረጋዊ ከእኩዮቹ ይልቅ ለሌላ ስብራት የተጋለጠ ነው፤ ስጋቱም በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ያይላል። ቤተሰብ የሚዘናጋው ደግሞ በዚሁ ዓመት ነው።

መዘናጋቱ የሚጀምረው «ብረት ገብቶላቸዋል፣ ከእንግዲህ አይሰበሩም» ከሚለው እምነት ነው። ብረቱ የሚደግፈው የገባበትን አጥንት ብቻ ነው። ሁለተኛው ስብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ባልተነካው ዳሌ ላይ ነው፤ አጥንትን የሚያሳሳው በሽታ ሁለቱንም ወገን ይጎዳልና። በዚያ ላይ ጡንቻቸው ስለደከመና አረማመዳቸው ስለተዛባ እንደገና የመውደቅ ዕድላቸው ይጨምራል።

«የሰበራቸው መውደቃቸው እንጂ አጥንታቸውስ ጤነኛ ነው።» ጤነኛ አጥንት ያለው ሰው ከቆመበት ቢወድቅ ዳሌው በቀላሉ አይሰበርም። እንዲህ ያለው ስብራት ራሱ የአጥንት መሳሳት ምልክት ስለሆነ መታከም አለበት፤ ሆኖም ብዙዎች የማስታገሻ ክኒን ብቻ ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ የዳሌ ስብራታቸው በቀዶ ሕክምና ከተጠገነ ከ2,000 በላይ ሰዎች መካከል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለው የአጥንት መሳሳት መድኃኒት በደም ሥር የተሰጣቸው፣ መድኃኒቱን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ አዲስ ስብራት በ35 በመቶ፣ ሞትም በ28 በመቶ ቀንሶላቸዋል። መድኃኒቱ የተጀመረው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ስለነበረ፣ «አጥንቱ እንዳይገጥም ያደርጋል» የሚለው ፍርሃት ሕክምናውን ሊያዘገይ አይገባም። ከመሰጠቱ በፊት ግን የኩላሊት ሥራ፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ መጠን ይታያል። ለዚሁ በሽታ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጠው ክኒን፣ አሌንድሮኔት፣ ከታዘዘ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዋጣል፤ ጉሮሮ እንዳያቆስልም ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መተኛት አይፈቀድም።

የአጥንት መረቅ፣ ወተትና ፀሐይ መሞቅ መልካም ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ ቀደም ብሎ ስብራት የደረሰባቸውን ከ5,000 በላይ አረጋውያን ያካተተ ጥናት፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን ብቻውን አዲስ ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ከፍቅር የሚመነጨው ስሕተት ነው፦ «አይነሱ እማዬ፣ እኛ እናቀርብልዎታለን።» ልጆቻቸው ምግቡን አልጋቸው ድረስ ያመጣሉ፤ ከዘራው በር ጥግ ተደግፎ ይቀራል። ጡንቻ ግን ካልሠራ በቀናት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል፤ ከወር በኋላ ለመነሳት ሲሞክሩ የሚከዳቸውም ያው ጉልበት ነው። ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር፣ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ ተደግፈው እንዲቆሙ፣ ቀጥሎም በፊዚዮቴራፒ እየታገዙ እንዲራመዱ ማድረግ ይገባል። ጥንቃቄው መሆን ያለበት በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ በጨለማ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ ተረከዙ ያለቀ ነጠላ ጫማ አጥልቀው፣ ጠርዙ የተገለበጠውን ምንጣፍ ይሻገራሉ። ስለዚህ መብራቱ ይብራ፣ ምንጣፉ ይነሳ፣ ጫማው ተረከዝን የሚይዝ ይሁን፤ የዓይን ሞራ ካለባቸውም ይታከሙ። የእንቅልፍ ክኒንና ከመቀመጫ ሲነሱ የሚያዞር የደም ግፊት መድኃኒት ሐኪም እንደገና ሊያያቸው ይገባል፤ በራስ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ጉዳዩ የሴቶች ብቻም አይደለም። ከስብራቱ በኋላ የሚሞቱት በመጠን ሲታይ ወንዶች ይበልጣሉ።

በመጨረሻም «መራመድ ከቻሉ አልተሰበሩም፤ ወጌሻ ይሻቸው» ይባላል። እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ስብራቱን ማንም ይጠረጥራል፤ አጥንቱ ከቦታው ያልተናጋበት ስብራት ግን እያነከሱም ቢሆን ሊያስኬድ ይችላል፤ መታሸቱም ሊያናጋው ይችላል። ስለዚህ ከወደቁ በኋላ ብሽሽታቸውን ካመማቸው፣ ሳይታሹ በዚያው ቀን ራጅ ይነሱ፤ ራጁ ምንም ባያሳይና ሕመሙ ከቀጠለ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይጠየቅላቸው።