የኪልት ሽንሽን ከታጠበ በኋላ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ

ኪልት ስኮትላንዶች ሚለብሱት፣ ፊቱ ሜዳ ኋላው ሽንሽን የሆነ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት ሚደርስ የሱፍ ልብስ ነው። ደህና ኪልት 8 ያርድ፣ በሜትር 7 ከምናምን ጨርቅ ይፈጃል። አብዛኛው ጨርቅ ሚያልቀው ኋላ በተደራረበው ሽንሽን ነው፣ ስለዚህ ሽንሽኑ ከተበላሸ ኪልቱ ራሱ ተበላሸ ማለት ነው። በአማርኛ ስለ አያያዙ የተጻፈ ብዙም ስላላየሁ ነው ይሄን ያሰባሰብኩት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ድሮ የነበረው ትልቁ ኪልት አንድ ሰፊ ጨርቅ ነበር፣ በእጅ ይታጠፍና በቀበቶ ይታሰራል፣ ቀበቶው ሲፈታ ሽንሽኑም አብሮ ይፈታል። አጭሩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መጣ። ያሳጠረው ራውሊንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የብረት ፋብሪካ ባለቤት ነው የሚሉ አሉ፣ ስኮትላንዶቹ ግን አይቀበሉትም፣ እኔም ለነሱ አደላለሁ። በ1746 የወጣው ህግ ኪልትን ጨምሮ የሃይላንድን (የስኮትላንድ ተራራማው ክፍል ነው) ልብስ ከለከለ፣ በ1782 ተነሳ።

በነዚያ ዓመታት ኪልቱን ይዞ ያቆየው ወታደሩ ነው፣ ክልከላው እሱን አይነካም ነበርና። በስፌት የተያዘ ሽንሽንም ከ1790ዎቹ ጀምሮ ይታያል። በጦሩ ቤት ሽንሽን የክብር ጉዳይ ነው። ሲቪሉ ሲሰፋ የታርታኑ (ባለ መስመር ባለ አራት ማዕዘን የኪልት ጨርቅ) ንድፍ ኋላም ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያደርጋል፣ ወታደሩ ግን እያንዳንዱ እጥፋት ላይ አንድ መስመር መርጦ መሀል ያሳርፋል፣ ጎርደን ሃይላንደርስ የሚባለው የስኮትላንድ ክፍለ ጦር ለምሳሌ የመረጠው ቢጫዋን መስመር ነበር፣ ሲራመዱ ከኋላ ቢጫ ቢጫ እያለች ነበር ምትሄደው። አንዱ እጥፋት ትንሽ ካመለጠ ከሩቅ ያስታውቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ያው ሽንሽን መከራ ሆነ፣ ምሽግ ውስጥ ቅማል እጥፋቱ ስር ይራባል፣ ወታደሮቹም በሻማ ነበልባል ስፌቱን እየተከተሉ ያቃጥሉት ነበር፣ ጭቃ ጠጥቶ በብርድ የደረቀው ጠርዝ ደግሞ የጉልበታቸውን ኋላ ይቆርጥ ነበር። በሁለተኛው ጦርነት መጀመሪያ ላይ ከውጊያ ልብስነት ቀረ።

ወደ እጥበቱ ስንመጣ፣ ሱፍ ጸጉር መሆኑን አለመርሳት ነው። ሲረጥብና ሲሞቅ ውስጡ ያሉት ደካማ ትስስሮች ይላላሉ፣ ተስተካክሎ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ፣ እንደገና ውሃ ሲነካው ደግሞ ይለቃል። ስለዚህ ዋናው ስራ ከውሃው በፊት ነው። ኪልቱን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ዘርግቶ፣ እያንዳንዱን እጥፋት በጣት እያስተካከሉ ቀለም በማይለቅ ነጭ የጥጥ ክር ከታች ጠርዝ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ፣ መሀል ላይ ሌላ ጊዜ፣ በሰፋፊው በእጅ መስፋት። አዲስ ኪልት ከልብስ ሰፊው ቤት ሚመጣው እንደዚሁ ታስሮ ነው።

ከዛ ባኞ ወይም ትልቅ ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃና ለሱፍ በሚሆን ለስላሳ ሳሙና መንከር፣ ቀስ አድርጎ መጫን ብቻ። ማሸትና መጠምዘዝ በፍጹም አይሆንም፣ ሙቅ ውሃና ማሸት አንድ ላይ ሲመጡ ሱፉ ይኮማተርና ይጠጥራል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። በፎጣ ጠቅልሎ ውሃውን ማስመጠጥና በጥላ ማድረቅ ነው። የቆዳ ማሰሪያዎቹና የወገቡ ውስጥ ገበር መዘፍዘፍ ስለማይወዱ ብዙ ሰፊዎች ላውንደሪ ይሻላል ይላሉ። ማሰሪያው እንዳይረጥብ ከተጠነቀቁ ግን በእጅ የታጠበው ነው ሚበልጠው፣ በዚህ አልደራደርም።

ሲተኮስ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ይነጠፋል፣ ካውያው ይጫናል ይነሳል እንጂ አይጎተትም። መጀመሪያ በስሱ ተኩሶ ክሩን መንቀል፣ አለበለዚያ የክሩ ምልክት ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ከዛ ደህና አድርጎ ተጭኖ እስኪቀዘቅዝ አለማንሳት። ከላይ ሚነጠፈውን የጥጥ ጨርቅ በአቼቶ ውሃ ሚነክሩም አሉ፣ እጥፋቱን ያጠነክራል ባዮች ናቸው። በ1950ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ በኬሚካል ቋሚ እጥፋት ሚያሲዝ ሲሮሴት የተባለ ዘዴ ወጥቷል።

ለጉዞ እንደ ሱሪ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ መክተት የለም፣ ሽንሽኑን እንዳለ በቁመቱ ጠበቅ አድርጎ እንደ ምንጣፍ ይጠቀልሉትና የአሮጌ ስቶኪንግ አንድ እግር ቆርጠው እዛ ውስጥ ያስገቡታል።