ድክድክ የሚል ልጅ ባለበት ቤት የማይጠፉ የተሳሳቱ ምክሮች

ድክድክ የሚል ልጅ ያለው ሰው ምክር አይቸግረውም። ጎረቤት ይመክራል፣ አክስት ትመክራለች፣ የታክሲ ረዳት ሳይቀር «እማ፣ ልጁን በረደው እኮ» ይላል። ግማሹ ወርቅ ነው። እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ አጥቡ የሚለውን የእናቶቻችንን ልማድ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። ሌላው ግማሽ ግን ወይ ልጁን ይጎዳል፣ ወይ ወላጅን በከንቱ ያስጨንቃል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ባሉ ልጆች ዙሪያ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ጥርሱ እየወጣ ስለሆነ ነው የሚያስቀምጠው»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ጥርስ ሲወጣ ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ ልጁን ያነጫንጨዋል። ተቅማጥ ግን አያመጣም። ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳትም የጥርስ ሥራ አይደለም።

ታዲያ ለምን አብረው ይመጣሉ? ጊዜያቸው ስለሚገጥም ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ የሚለው 6 ወር አካባቢ ነው። ልጁ ምግብ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ መዳህ ይጀምራል፤ ወለል ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያም እየሳሳ ይሄዳል። መንጋጋዎቹ ደግሞ ከ1 ዓመት በኋላ ይከተላሉ፤ 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ወጥተው የሚያልቁት ወደ 3 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ በታመመ ቁጥር የሚሳበብበት ጥርስ አይታጣም።

ጣጣው «ጥርስ ነው» የተባለ ልጅ ቶሎ ሐኪም ቤት አለመሄዱ ነው። ባስ ሲል ደግሞ «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይፈለፈላል፤ ገና ያልወጣ ጥርሱ ይነቀላል። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚሁ። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊከተል ይችላል። ሥሩ የተቀመጠው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ተቅማጡ ግን እዚያው ነው።

ተቅማጥ ሲጀምር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ያደረ ብጥብጥ ይደፋል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክ፣ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም። ጡትም ምግብም እንደዚያው ይቀጥላሉ። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ማስራብ ሌላው ስህተት ነው። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ቤት የሚቆይበት ምክንያት የለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

«ጠግቦ ነው፤ አንዴ ቆንጥጪው»

የ2 ዓመት ልጅ ሙዝ ይጠይቃል። እናቱ ልጣ ለሁለት ቆርጣ ትሰጠዋለች። እሱ ሙሉውን ነበር የፈለገው። ወለሉ ላይ ተዘርሮ እሪታውን ያቀልጠዋል። ሌላ ሙዝ ቢሰጡት አይፈልግም፤ ያንኑ «ግጠሚው» ነው የሚላት። አያት ከጎን ሆነው ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ ጥጋብ ነው።

ጥጋብ አይደለም፣ ዕድሜው ነው። ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል በዚህ ዕድሜ ገና ጅምር ነው። ልጁ ፍላጎቱ ብዙ፣ ቃሉ ጥቂት ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ሲርበው ወይም እንቅልፉ ሲመጣ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀን እንቅልፉ ተቆጥሮ ማለት ነው። ሠርግ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ያመሸ ልጅ በማግስቱ ቢያስቸግር የሚወቀሰው እሱ አይደለም።

መቆንጠጥ ልጁን ያስደነግጠዋል እንጂ እንዴት እንደሚረጋጋ አያስተምረውም። ራሱን የሚጎዳበት ነገር ካለ አርቁ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ «ሙዙ ስለተቆረጠ ተናደድክ» በሉትና ጠብቁ። ሲበርድለት እቀፉት። የተከለከለውን ነገር ለጩኸቱ ሲባል መስጠት ግን ሌላ ነው፤ ያንን አንዴ ካገኘ ነገም ይጮኻል።

እግረ መንገዴን፣ «አያ ጅቦ መጣልህ» እና «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» ቢቀሩ ደስ ይለኛል። ልጁን በዶክተር ስታስፈራሩት ከርማችሁ በ15 ወሩ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ስትወስዱት፣ በሩ ላይ ቢያለቅስ ምን ይገርማል?

«ምንም አይበላልኝም፤ በግድ ካላጎረስኩት ይከሳል»

ይሄ የስንቱን እናት እንቅልፍ ይነሳል። ቁጥሩን እንየው። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ 1 ዓመት ሲሞላው ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል፤ ሦስት እጥፍ አድጓል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እድገቱ ሲዘገይ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ትናንት ሁለት ሳህን ፍትፍት የጨረሰ ልጅ ዛሬ በሦስት ጉርሻ «በቃኝ» ቢል ተፈጥሮው ነው። ምን እና መቼ እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፤ ስንት እንደሚበላ እሱ ይወስን። አፍንጫ ይዞ አጥሚት ማጋት በተለይ ክፉ ነው። ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

የእውነት ካልበላ መጀመሪያ በመሃል ምን እንደሚሰጠው ተመልከቱ። ጡጦ ሙሉ ወተት ቀኑን ሲጠባ የዋለ ልጅ ምሳ ምን ቦታ አለው? የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲበዛ የብረት እጥረት ያመጣል። ሻይ በዳቦም ለልጅ ቁርስ አይሆንም። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት እንዳይዋሃድ ያደርጋል።

ጾምም እዚህ ይነሳል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አይጾሙም። ይህን የማያውቅ የለም። ግን ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለልጁም እንቁላል ሳይቀቀልለት፣ ወተት ሳይፈላለት የዐቢይ ጾም 55 ቀን ያልፋል። ለ1 ዓመት ልጅ 55 ቀን ብዙ ነው። ለእሱ አንድ ትንሽ ድስት ለብቻ ማስቀመጥ ነገሩን ይጨርሰዋል።

«ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል»፣ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»

የመጀመሪያውን በብዛት የምሰማው ውጭ ካሉ ወላጆች ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ቤተሰብ፣ ልጁ በመዋያው እንዳይቸገር ብሎ አማርኛውን ይተወዋል። የሁለት ቋንቋ ልጅ በሁለቱም የሚያውቃቸው ቃላት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከሌሎቹ አያንስም። «ውሃ ፕሊስ» ቢል ግራ ገብቶት አይደለም፤ ያለውን ቃል ሁሉ እየተጠቀመ ነው። በአማርኛ አውሩት፤ የአገሩን ቋንቋ ከመዋያው ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ጥቂት እውነት አለበት። ወንዶች በአማካይ በጥቂቱ ይዘገያሉ። ይህ ግን ችግርን ለመሸፈን አይበቃም። 2 ዓመት ሞልቶት «አባ ና»፣ «ውሃ ስጪ» እያለ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ ወንድም ይሁን ሴት ይታይ፤ ጆሮውም ይመርመር። ካርቱን ያስተምረዋል ብሎ ስልክ መስጠትም አያዛልቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ለ2 ዓመት ልጅ ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው። ከአያት ጋር በቪዲዮ ማውራት ይለያል፤ እዚያ የሚመልስለት ሰው አለ።

«የተቃጠለውን የጥርስ ሳሙና ቀቡት»

ቡና ሲፈላ ረከቦቱም ከሰሉም በልጁ ቁመት ልክ ናቸው። ጀበናውን ለመያዝ አንድ እርምጃ ይበቃዋል። የጥርስ ሳሙና፣ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ አንዳቸውም አይጠቅሙም። ሙቀቱን ይዘው ያቆያሉ፤ ሐኪሙም ቁስሉን እንዳያይ ይሸፍናሉ። ልብሱን አውልቁ፣ የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት። በረዶ አይደለም፣ ውሃ። ሌላ ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት፤ ከዚያ ወደ ሐኪም።

በዚያው ቡና ላይ የምትዞረው ቆሎም እስከ 4 ዓመት ድረስ ለልጅ አትሆንም፤ ኦቾሎኒም እንደዚያው። «አንዲት ፍሬ ብቻ» የምትለዋ አንዲት ፍሬ ናት የምታንቀው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ

ባለጎማ መራመጃ እግር አይፈታም፤ እንዲያውም ያዘገያል። በደረጃ ላይ ተንደርድረው የሚወድቁት ልጆች ስለበዙ ካናዳ በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። ወለል ላይ ልቀቁት።

ፀጉር በመላጨት አይወፍርም። ሲያቆጠቁጥ ጫፉ ድፍን ስለሆነ ነው ወፍራም የሚመስለው።

እቅፍ አያሰንፍም። ፖፖ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ስለጀመረ አይጀመርም፤ ልጁ ሱሪውን ዝቅ ማድረግ ሲችልና ሽንቱ እንደመጣ ሲናገር ይደርሳል፤ አብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ግራኝነትም አብሮ የሚወለድ ዝንባሌ ነው፤ እጅን በመምታት አይለቅም። በገበታ ላይ በቀኝ መብላትን ቀስ ብሎ ማለማመድ ይቻላል። እርሳሱን ግን በፈለገው እጅ ይያዝ።