ባሕር ሸሽ ምንድን ነው? የጣናን ዳርቻ ለሚመርጡ

ላንጋኖን የለመደ ሰው ባሕር ዳር ሲመጣ ግራ ይጋባል። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «አሸዋው በየት በኩል ነው?» ይላል። ጣና ዳር አሸዋ ብርቅ ነው። በብዛት ያለው ድንጋይ፣ ደንገል፣ ሣርና ጭቃ ነው። ዳርቻው ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በጥቅምት ታንኳ የሚቀዘፍበት ቦታ ላይ በመጋቢት ከብት ሲግጥ ታገኛላችሁ። ይህ ውሃና መሬት የሚፈራረቁበት ቦታ ባሕር ሸሽ ይባላል።

ባሕር ሸሽ ማለት ክረምት ላይ ውሃ ውጦት የሚከርም፣ በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚል መሬት ነው። ገበሬው ያርሰዋል፣ ከብቱን ያሰማራበታል። ክረምት ሲገባ ባሕሩ መልሶ ይወስደዋል።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ቢሆን ነው። ውሃውን በብዛት የሚያመጡለት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። አራቱም የሚሞሉት በክረምት ነው። ሐይቁ ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጢም ይላል። ከዚያ በኋላ ፀሐዩም ዓባይም እየወሰዱለት ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ መጨረሻው ዝቅታ ላይ ይደርሳል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው።

አንድ ሜትር ተኩል ምን አላት? የመሬቱን ተዳፋት ካላያችሁ ምንም የላትም። ዳሩ ገደላማ ከሆነ ውሃው ይህን ያህል ሲወርድ የሚገለጠው ጥቂት እርምጃ ነው። መሬቱ በ1,000 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ግን ያችው አንድ ሜትር ተኩል ባሕሩን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ታሸሸዋለች። የጣና ዳርቻ ሁለቱንም ዓይነት ነው። በደቡብ ባሕር ዳርና ዘጌ፣ በሰሜን ደግሞ የጎርጎራ ኮረብታ ድንጋያማ ናቸው። በምሥራቅ ፎገራ፣ በሰሜን ደምቢያ ወንዞቹ ደለል ሲያነጥፉባቸው የኖሩ ሜዳዎች ናቸው። ባሕር ሸሽ በሰፊው ያለው እነዚህ ሜዳዎች ላይ ነው።

ፎገራ ውስጥ ወረታ አካባቢ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ በኅዳር መጨረሻ ወደ ሐይቁ ብትሄዱ ነገሩን በእግራችሁ ትለኩታላችሁ። መጀመሪያ የሩዝ ማሳ ነው፤ የታጨደም፣ ገና የሚታጨድም አለ። ቀጥሎ ጓያና ሽንብራ ይመጣል። ወደ ውሃው በቀረባችሁ ቁጥር ቡቃያው እያጠረ ይሄዳል። ገበሬው የሚዘራው ውሃውን እግር በእግር እየተከተለ ስለሆነ ከባሕሩ የራቀው ቀድሞ የተዘራው ነው፣ ወደ ባሕሩ ያለው የትናንቱ። ዝናብም አይጠብቅም፤ መሬቱ የጠጣው ውሃ ይበቃዋል። ከቡቃያው ወዲያ እርቃኑን የቀረ ጥቁር ዋልካ አለ። የከብት ኮቴ የረገጠው ሁሉ ውሃ አቁሯል። ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ስትረግጡት ግን ጫማችሁን ነክሶ ያስቀራል። ከዚያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ውሃ። ውሃው ራሱ ደግሞ መቶ እርምጃ ገብታችሁበት እንኳ ከጉልበት ላያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ባሕር ሸሽ ለእንግዳ ዓይን ባለቤት የሌለው ሜዳ ይመስላል። መኪና ይነዳበታል፣ ድንኳን ይተከልበታል። ግን ሁሉም ባለቤት አለው፤ የአንዱ ማሳ ነው፣ አለዚያም የቀበሌው የጋራ ግጦሽ። ድንበሩ በየዓመቱ ከውሃው ጋር ስለሚንቀሳቀስ እርስ በርስም ጠብ አያጣውም። የእናንተ ጎማ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት። እዚያው ያገኛችሁትን ሰው «ጋሼ፣ በየት በኩል እንለፍ?» ማለት ይበቃል፤ መንገዱንም ጭቃውንም ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

የባሕሩ መሸሽ የሰማይ ሥራ ብቻ አይደለም። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ በ1988 ዓ.ም. የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ ውሃ መልቀቅ ነበር። ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በምዕራብ በኩል በዋሻ ውሃ ይወስዳል። ዳሩ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው እንግዲህ ዝናቡም፣ የሚለቀቀው ውሃም ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አጥሮ፣ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃ በዝቶ ሐይቁ ከተለመደው በታች ወረደ። መርከቦች ወደቦቻቸው ላይ መድረስ አቅቷቸው ሥራ አቆሙ። ገበሬው ደግሞ ከዚያ በፊት ታርሶ የማያውቅ የሐይቅ አልጋ አረሰ። አንዱ የከሰረበት ሽሽት ለሌላው ማሳ ሆነ።

ታዲያ የትኛውን ዳር፣ መቼ?

ከመስከረም እስከ ኅዳር ሐይቁ ሙሉ ነው። ጀልባ እስከ ዛፉ ሥር ይጠጋል፣ አገሩም አረንጓዴ ነው። ከፎገራ በስተቀር የትም ያምራል። ፎገራ በዚህ ጊዜ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ጭቃ ነው። ለወፍ የመጣ ሰው ግን ፎገራን በታኅሣሥና በጥር አይለፍ። ከአውሮፓ በኩል የክረምቱን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ሽመላ መሳይ ትልልቅ ወፎች፣ ከአገሬዎቹ ዘውድ ካላቸው ዘመዶቻቸው ጋር የሚውሉት እዚያው ባሕሩ የለቀቀው መሬት ላይ ነው። ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ጩኸታቸው ነው፣ መልካቸው ቆይቶ።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ የምትመጡ ከሆነ ድንጋያማውን ምረጡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዘጌን እላለሁ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጫካው ከዳሩ ጀምሮ ይነሳል፣ ከሥሩ ቡና አለ። ድንጋዮቹ ላይ የክረምቱ ውሃ የት ድረስ ደርሶ እንደነበር የሚያሳይ ፈዛዛ መስመር ይታያል። በእግር ወጣ ብላችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት ትችላላችሁ። ሴቶች አብረዋችሁ ካሉ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ለሴት እንደማይፈቀዱ ቀድማችሁ እወቁ፤ ሰው ከፍሎ፣ ተጉዞ፣ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ማየት ያሳዝናል። ጎርጎራም በዚህ ወቅት አያሳፍርም፣ በተለይ ከጎንደር ለሚመጣ። የየብስ ጉዞ ያሰበ ሰው ግን የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት የሄደ ሰው ይጠይቅ።

መዋኘት? እዚህ ላይ ቆጠብ በሉ። ጣና ላንጋኖ አይደለም፤ ቢልሃርዚያ የሚባል ከትል የሚመጣ በሽታ አለበት። በሽታውን የምታሰራጨው ትንሽ ቀንድ አውጣ የምትወደው ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ የተኛ፣ ሣር የበዛበት ውሃ ነው። ባሕር ሸሽ ጠርዝ ላይ ያለው ውሃ ማለት ነው። ትሉ የሚገባው በቆዳ ስለሆነ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም፣ እግር ነክሮ መቀመጥም ያው ነው። ልጆች ሲንቦጫረቁ ስላያችሁ አትዘናጉ። ገብታችሁ ከሆነ ግን አትደንግጡ፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ከሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ጣና እንደገባችሁም ንገሯቸው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። እሱ መድኃኒት የለውም።

እምቦጭም ምርጫችሁ ውስጥ ይግባ። በጣና ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታየ አረም ነው፣ የሚበረታውም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ንፋስ እየገፋ ዳር ያወጣዋል፣ ውሃው ሲሸሽ ባሕር ሸሹ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ገበሬው በእጁ እየነቀለ ሲከምረው ልታዩ ትችላላችሁ። አበባው ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ያማረ ነው። ፎቶ አንሱት፣ ግን ቆርጣችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ የትም ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ይያዛል።

ባለጀልባ ስታናግሩ ከዋጋው በፊት «በዚህ ወር ጀልባው የት ድረስ ይጠጋል?» በሉት። ሰው ሁሉ ዋጋ ላይ ይከራከርና የቀረውን መንገድ በጭቃ ይሄዳል። «ትንሽ በእግር ነው» ካላችሁ ትንሿ ስንት ደቂቃ እንደሆነች አስረግጣችሁ ጠይቁ፣ አውልቃችሁ የምትይዙት ጫማም አድርጉ። ጠዋት በ1 ሰዓት ወይም በ2 ሰዓት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ቶሎ ይናወጣል። ስትመለሱ መርጠብ ካልፈለጋችሁ ከ9 ሰዓት በፊት ከተማ ግቡ።